አባዬ ቦዩ ዳር የሚያበራው ሻማ

እዚህ ውጭ አገር፣ ሊንደን የሚኖረው ጎረቤታችን በፈጣሪ አያምንም። በዚያ በኮሮናው ታኅሣሥ ግቢው ውስጥ ሻማ ደርድሮ፣ «የሰው ልጅን የምናከብርበት በዓል ነው፤ ኑ» አለን። ጾም ላይ መሆናችንን ስለሚያውቅ የምስር ሾርባ ሠርቷል። እኔን ግን ከበረዶው ይልቅ ፈጣሪ የሌለበት በዓል ማክበሩ አንቀጠቀጠኝ።

የሰሙ ሽታ ሲመጣ አባዬ ትዝ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን አይስምም ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን አላፊ አግዳሚው እንዳይወድቅ፣ ሻማ በመዳፉ ከልሎ በራችን ላይ ካለው ቦይ ዳር ይቆማል።

«ለማርያም ብታበራው ምናለ!» ትለዋለች እማዬ።

«ይሄስ ለማን ሆነና?» ይላታል።

አልገባኝም። ለነፍሱ እንደፈራሁ አደግኩ።

«ዳዲ፣ ብናበራ ኦኬ ነው?» አለች ልጄ የጎረቤታችንን ሻማዎች እያየች።

የአባዬ መልስ ያኔ ገባኝ።

«አብሪ፤ አያትሽም ቦዩ ዳር ያከብረው ነበር።»