ምንም ቅሬታ የለኝም

ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖርብኝ ኖሮ የዚያን ዓመት እንጀራዬን በሰላም በበላሁ ነበር። እንዲህ ስል ባሌ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

የምሠራው ሄንደርሰን ውስጥ «አንተም» በሚባለው ሰፈር፣ ኮረብታው ላይ፣ አንድ ግሩፕ ሆም ውስጥ ነበር። ግሩፕ ሆም ከውጭ ሲያዩት የማንም ሰው ቪላ ነው። ውስጡ ግን ልጆቻቸው ሊያስታምሟቸው ያልቻሉ ፈረንጅ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይኖሩበታል። እናጥባቸዋለን፣ እናጎርሳቸዋለን፣ ዳይፐራቸውን እንቀይራለን፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንሰጣለን። ከሳሎኑ መስኮት ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ጎዳና፣ ዘ ስትሪፕ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እነሱ ግን የሚያዩት ቴሌቪዥን ነው።

አሠሪዬ የአገሬ ልጅ ናት። በዲቪ ስንመጣ ኤርፖርት ድረስ መጥታ የተቀበለችን፣ ቤት እስክናገኝ ያስጠጋችን፣ ሥራም ያስገባችኝ እሷ ናት። ይህን አልረሳሁም። እሷም እንድረሳው ፈቅዳልኝ አታውቅም። ኦቨርታይም ስጠይቅ «እኔና አንቺ በሰዓት ነው እንዴ የምንተሳሰበው?» ትላለች። የዕረፍት ቀኔን ስጠይቅ «እህቴ አይደለሽም?» ትላለች። እህትነታችን የሚነሳው እኔ አንድ ነገር ስፈልግ ብቻ ነበር። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ እኔ ግን እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት።

ከዚያ ዓለምን ሁሉ ቤት ያስቀመጠው በሽታ መጣ። ካዚኖዎቹ ተዘጉ፣ ቱሪስት የሚባል ጠፋ፣ የባሌም ታክሲ ቆመ። እሱ አስም አለበት። ሐኪሙ ቤትህ ተቀመጥ፣ ከሰው አትቀላቀል ብሎታል። አንኢምፕሎይመንት፣ መንግሥት ለሥራ አጥ የሚከፍለውን፣ አመልክቶ ጠዋት ጠዋት ስልኩን ቼክ ያደርጋል፤ መልሱ ሁልጊዜ ፔንዲንግ፣ ገና እየታየ ነው። ከእኛ በታች የምትኖረው ጎረቤታችን ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። እሷን ሆቴሉ ራሱ አሰናበታትና ቤቷ ቁጭ ብላ ይከፈላታል። «ምናለ አንቺንም ባባረሩሽ» ትለኛለች። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን እኔ የማጥባቸው አዛውንት ማሳል ጀመሩ። ስሜን አያውቁም፤ እጄን ግን ያውቁታል፣ ሌላ ሰው ሲነካቸው ይጮኻሉ። ምርመራ ተደረገላቸው። ውጤቱ የተነገረ ቀን አሠሪዬ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ተመልሳም ጓዳ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። አለባቸው አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች እንዳይሰሙ አስጠነቀቀችኝ። ማስክ ስጪኝ አልኳት። ያንኑ የሰጠችኝን እያጠብኩ እንድጠቀም ነገረችኝ።

«እትዬ፣ እኔ አስም ካለበት ሰው ጎን ነው የምተኛው» አልኳት።

«ሳሎን ይተኛ» አለችኝ፣ ስልኳን እያየች።

ሌላ ምንም ብትለኝ ምናልባት ዋጥ አደርገው ነበር። ሺፍቴን ጨረስኩ፣ አዛውንቱን አጥቤ አስተኛኋቸው፣ ቁልፉን ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እሷ ለእኔ አልደወለችም። እኛ ስንቀያየም የት ይደወላል፣ ሽማግሌ ነው የሚላከው። የላከችውም የእድራችንን ሊቀመንበር ነው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ትዳር ሲናጋ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት ሬሳውን ወደ አገር ቤት የሚያስልኩ፣ የማን ልጅ መቼ ክርስትና እንደተነሳ በቃላቸው የሚያውቁ ትልቅ ሰው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት አጠገብ፣ ከቤት ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኘን፤ እሳቸው ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ ጫፍ፣ ሁለታችንም ማስክ አድርገን። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሳሉን፣ ምርመራውን፣ ማስኩን፣ «ሳሎን ይተኛ» ያለችኝን።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋት ነው። ትልቅ ጥፋት ነው» አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰው ሰማኝ ብዬ ነበር።

«ግን ልጄ፣ ይህ ነገር ከወጣ ቤቷ ይዘጋል። ስንቱ የአገርሽ ሰው እዚያ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። አንቺም ወጥተሻል፣ ከእንግዲህ ምን ይጨምርልሻል? ባሌን ላስታምም ነው በይና በሰላም ተለያዩ። እሷም በመንግሥት የሥራ አጥ ክፍያ አልቃወማትም ብላኛለች።»

እሺ አልኩ። እሳቸውን እምቢ የሚል አፍ አልነበረኝም።

እሁድ ጓሮዋ ውስጥ ተሰበሰብን። ጋሼ፣ ባለቤታቸውና ሌላ አንድ ሽማግሌ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ተነስቼ ቆምኩና እንደተመከርኩት ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ምንም ቅሬታ የለኝም። የወጣሁት ባሌን ላስታምም ብዬ ነው። ስላደረግሽልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።»

ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የእኔ እንባ የእውነት ነበር፤ ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጋሼ መረቁን፣ አሜን አልን፣ ምሳ በልተን ተለያየን።

ለአንኢምፕሎይመንት አመለከትኩ፤ ስለ ሕመሙም፣ ስለ ማስኩም በሙሉ ጻፍኩ። በመንግሥት ፊት መዋሸት አልፈለግኩም። መልሱ ብዙ ቆይቶ መጣ። በገዛ ፈቃድሽ፣ በቤተሰብ ጉዳይ ስለለቀቅሽ አይከፈልሽም ይላል። አሠሪሽም እንደዚያ ብለውናል ይላል። ታች ቤት ያለችው ጎረቤቴ አንብባው «ይግባኝ በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ይግባኝ አልኩ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ በስልክ እንደሚሰሙኝ ቀጠሮ ሰጡኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ማዕድ ቤት ተቀምጬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁ። ባሌ ሶፋው ላይ ነበር። ጉዳዩን የምትሰማው ፈረንጅ ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነው። አስተርጓሚዋም ጥርት ያለ አማርኛ ትናገራለች፣ ቃል አታዛባም። ማልኩ፤ የሆነውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ስጨርስ ባሌ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ቀጥሎ አሠሪዬ መስመሩ ላይ ገባች። ስትናገር ማር ነው። «እህቴ ናት፣ አልጣላትም። ባሏን ለማስታመም ነው የወጣችው፣ እንዲያውም አመስግናኝ ነው የሄደችው። ምስክር አለኝ» አለች።

«አለሁ» የሚል ድምፅ ከስልኩ ወጣ። ጋሼ ናቸው።

ባሌ ከሶፋው ተነስቶ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

እሳቸውም ማሉ። ጓሮው ውስጥ ምን እንዳልኩ ተጠየቁ። እያንዳንዷን ቃል፣ ተነስቼ መቆሜን፣ ጎንበስ ማለቴን፣ ማልቀሴን ጭምር አንድ ሳያጎድሉ ተናገሩ። ውሸት የለበትም። እንደዚያ ብያለሁ። ምስክሩን የምትጠይቂው ካለ ጠይቂ ተባልኩ።

«ጋሼ፣ ከዚያ በፊት ዋተር ስትሪት ተቀምጠን ምን ነበር የነገርኩዎት?»

«ልጄ፣ ለሽማግሌ የተነገረ ነገር እዚያው ይቀራል» አሉ።

ጓሮ ውስጥ ያልኩት ግን አልቀረም፤ መሐላ ተደርጎበት ወጥቷል። ይህን ልናገር ስል ጉዳዩን የምትሰማው ሴት ቀደመችኝና ራሷ ጠየቀቻቸው። ቤቱ ውስጥ ስላለ ሕመም ነግራዎታለች ወይስ አልነገረችዎትም?

«አላስታውስም» አሉ።

የእኛን ልጆች ክርስትና ቀን የሚያስታውሱት ሰው ናቸው። አስተርጓሚዋ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ሴትየዋም አመሰገነቻቸው። ሌላ ጥያቄ አለሽ ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት።

ተፈረደብኝ። ቅሬታ ካለሽ ለምን በምስክሮች ፊት የለኝም አልሽ፣ ማን አስገደደሽ ነው ነገሩ ሲጨመቅ። እውነቷን ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ሽማግሌ መጥቶብኝ ነበር ብዬ ለዚያች ሴት ላስረዳት ብሞክር ምን ልላት እችል ነበር? የእሳቸው ባለቤት ለምሳ ሰላጣ ይዘው እንደመጡ ልንገራት? ጎረቤቴ የሰማች ቀን «ለምንድን ነው ያመሰገንሽያት?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር አልኳት። አሁን ቀልድ አልነበረም።

እኔን የሚቀጥረኝ ጠፋ። ሥራ ጥላ ትወጣለች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ በየግሩፕ ሆሙ ደርሷል። የባሌም ማመልከቻ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሆቴሎቹ ሲከፈቱና ሰው እንደገና መምጣት ሲጀምር እሱ ወደ ታክሲው ተመለሰ። ሐኪሙ እንዳትቀላቀል ያለውን ሰው ከኋላው እየጫነ፣ መስኮቱን በበጋው ንዳድ ከፍቶ ይነዳል። ማታ በር ላይ ልብሱን አውልቆ፣ ታጥቦ፣ ሳሎን ይተኛል። እሷ ባለችው መሠረት ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። ጤንነታችንን ጠየቁ፣ የልጆቹን ጠየቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ በፈረንጅ ፊት ስሟን በማንሳትሽ በጣም አዝናለች። እኛም አላማረንም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንምጣና ይቅር ተባባሉ።»

ባሌ ጫማውን እያሰረ ነበር። ትንሽ አሳለውና ደረቱን ይዞ ቆየ።

«ጋሼ፣ ቅሬታ አለኝ» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«ቅሬታ አለኝ። በእሷም በእርስዎም።»

«እንዲህ አይባልም፣ የእኔ ልጅ።»

«ይባላል» አልኩ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር፤ ዘጋሁት።

ባሌ የአስሙን መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ ኪሱ ከተተ፣ ቁልፉን አነሳና ወደ ሥራው ሄደ።