ጀርባዋን የሰጠችው ወፍ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ስለሚያሳፍረኝ ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ግን መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብያለሁ።

የምኖረው አዳማ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የእጅ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ትልልቅ ሥራ አልወድም። የትራስ ልብስ ጥግ ወይም የመሐረብ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ፣ መዳፍ የማታክል አበባ ወይም ወፍ ትበቃኛለች። ራሴ እነድፋታለሁ፣ ራሴ እጠልፋታለሁ። ሌላ ሰው የሳለው ከመጣልኝ ሳላስተካክል አላልፍም። አመሌ ነው፤ ደንበኞቼም ያውቁታል።

አንድ ቅዳሜ ሀዊ የምትባል ልጅ መጣች። ዱከም ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። "አካም ጅርቱ፣ እትዬ አስካለ?" ብላ ሰላም ካለችኝ በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ የትራስ ልብስ አወጣች። አቡጀዲ ነው። ጥጉ ላይ አንዲት ቀይ ወፍ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ተጠልፋለች። ከጎኗ ሁለተኛ ወፍ በእርሳስ ተስላ ቀርታለች።

"እናቴ የጀመረችው ነው። ሁሩታ ባለው ቤቷ፣ ሳጥኗ ውስጥ አገኘሁት" አለችኝ። እናቷ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። "ይቺን የቀረችውን እንዳለች ይጥለፉልኝ። የእሷ እጅ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም።"

ገርመም አድርጌ አየሁት። የተጠለፈችው ወፍ ጅራቷ ከገላዋ ይበልጣል። እናትየዋ ስፌት የምትችል፣ ስዕል ግን የማይሆንላት ሴት ነበረች ብዬ በልቤ ፈረድኩና ተቀበልኳት።

አቡጀዲ ሳይታጠብ ከተጠለፈ ኋላ ይሰበሰባል። የቆየ እድፍም ከክር ሥር ከገባ አይወጣም። ስለዚህ ጨርቅ ሳላጥብ መርፌ አላነሳም። ሰኞ ጠዋት ዘፈዘፍኩት። ሐሳቤ ሁሉ ቀዩ ክር ቀለሙን እንዳይለቅ ነበር። አልለቀቀም። ሳጥን ውስጥ የያዘው ቢጫ እድፍ እስኪለቅ ፈትጌ፣ አለቅልቄ አሰጣሁት። በአዳማ ፀሐይ ወዲያው ደረቀ።

ላነሳው ስሄድ ሁለተኛዋ ወፍ የለችም።

ጨርቁን ብርሃን ላይ ይዤ አገላበጥኩት፤ የእርሳሱ ጭረት እንኳ አይታይም። በስልኬ ፎቶ አላነሳሁትም። ፊቷ ወዴት እንደዞረ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ስጠልፍ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

የዚያኑ ቀን ለሀዊ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ስስ ወረቀት አምጥቼ የተጠለፈችውን ወፍ መስኮት ላይ አድርጌ ገለበጥኳት። ከዚያ ወረቀቱን አዙሬ፣ ትይዩዋ እንድትቀመጥ አድርጌ ሁለተኛዋን በእርሳስ ሳልኳት። የትራስ ልብስ ላይ ወፎች ፊት ለፊት ነው የሚተያዩት። በዚያው እጄ አላርፍ ብሎ ጅራቷን አሳጠርኩላት። ቆንጆ ሆነች። ማንም አያውቅም አልኩ።

ቅዳሜ ሀዊ የክር ቀለም ልትመርጥ መጣች። ገና ጨርቁን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ።

"እትዬ፣ ይቺ ወፍ እኮ ጀርባዋን ነበር የሰጠችው።"

"አይ፣ እንዲሁ ነው የመጣልኝ" አልኳት፣ ሳላፍር።

አልተከራከረችኝም። ጨርቁን በጣቷ ዳበሰችና "እርስዎ ካሉ እንግዲህ... እኔ ረስቼ ይሆናል" አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሰው ልጅ የገዛ ትዝታዋን እንድትጠራጠር አደረግኳት ብዬ ራሴን ጠላሁት።

"ሀዊ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሳጥበው ጠፋብኝ። ይቺን የሳልኳት እኔ ነኝ። የእናትሽን እጅ አጠፋሁብሽ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ስዕሉ የአዮ እጅ አይደለም" አለች፤ እናቷን አዮ ነው የምትላት። "የሳልኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ነገረችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች መጀመሪያ የተጠለፈችውን ወፍ ሳለች፤ ያቺ ወፍ እናቷ ናት። እናቷም አንዲት መስመር ሳታስተካክል፣ ያንን ጅራት እንዳለ ጠለፈችላት። ሁለተኛዋ ወፍ ራሷ ናት፤ እሷን ስትስል ግን ከእናቷ ጋር ተኳርፈው ስለነበር ጀርባዋን እንደሰጠች አድርጋ ሳለቻት።

"አዮ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? 'ስትታረቂኝ አዙረሽ ትስያታለሽ፤ ያን ጊዜ እጠልፋታለሁ።' በማግሥቱ ታረቅን፤ ጨርቁ ግን ሳጥን ገብቶ ተረሳ። አሁን ካገኘሁት ወዲህ ስንት ጊዜ ላጲስ አነሳሁ መሰለዎት፤ እጄ እምቢ አለኝ። በቃ እንደተኳረፍን ትጠለፍ ብዬ አመጣሁት።"

የሳልኳትን ወፍ ዞር ብላ አየችና "ቆንጆ ናት፤ ግን እኔ አይደለሁም" አለች።

ላጲስ አንስቼ ያችን ቆንጆ ወፍ ራሴ አጠፋኋት። እርሳሱን ለሀዊ ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ሁለተኛዋን ወፍ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ ሳለቻት። ጅራቷ እንደገና ከገላዋ በለጠ።

"እንደሳልሽው እጠልፋታለሁ" አልኳት። ያኔ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ።

ሀዊ አሁንም በአዳማ ስታልፍ ጎራ ትላለች። "እርስዎ ነዎት ያስታረቁን" ትለኛለች። ምስጋናዋ አይዋጥልኝም። ያን ቀን ባትናገር ኖሮ ውሸቴን በቀይ ክር ጠልፌ፣ ተኩሼ እሰጣት ነበር።

ጨርቅ ሳላጥብ ዛሬም አልጠልፍም። ከመዘፍዘፌ በፊት ግን ማን እንደሳለው እጠይቃለሁ። ጅራትም አላሳጥርም።