ቀዩ ቀሚስ በፎቶ ቤቱ መስኮት

ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ፣ የልጅ ልጄ ራሷን በስልኳ አነሳችና አንዴ ነካ ስታደርገው ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆነ። «እማማ፣ እዪው! ቀዩ ሸሚዜ ጠቆረ እኮ» ብላ ሳቀች። እኔን ግን ፊቴን አቃጠለኝ።

ልጅ ሳለሁ ያንን ጥቁረት ተማምኜ ነበር። አባቴ ከሞተ መንፈቅ እንኳ አልሞላውም፤ እኔና እናቴ ከል ለብሰናል። ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ ቀይ ቀሚስ ነበራት። «ላውስሽና ተነሺበት፤ ፎቶ ላይ ቀይም ያው ጥቁር ነው፣ ማን ያውቅብሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ያኔ የምናውቀው ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ሳር ቤት ሰፈር ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድን፣ ጥርሴ እስኪታይ ስቄ ተነሳሁ። ለካ ፎቶ አንሺው ባለከለር ፊልም ጀምሮ ኖሯል!

ይባስ ብሎ፣ አዲስ ነገር ነውና ለሰው ማሳያ ፎቶዬን መስኮቱ ላይ ሰቀለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን እናቴን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «እትዬ፣ ልጅሽ እኮ ሐዘኗን ጨርሳለች! ይኸውልሽ፣ እንደ በርበሬ ቀልታ» አለቻት።

እናቴ ፎቶውን ቆማ አየችው።

«እኔ ነኝ ያለበስኳት» አለች። «ልጅ ናት፣ ይብቃት ብዬ።»

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ያማው እሷን ነው፤ ባሏን ቶሎ የረሳች ተባለች። ከሉን ግን ሁለት ዓመት ለበሰችው። እኔም እስክትሞት ድረስ እውነቱን ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርኩላትም።

«እማማ፣ ምነው ዓይንሽን አበስሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ አልኳት።