ተዝካሩ የተበላለት ቀስተኛ

እኔ ዳኛ ነበርኩ። የፍርድ ቤት አይደለም፤ ሸሕዲ ከተማ፣ ትራክተር መጠገኛ ጋራዥ ውስጥ፣ በተገለበጠ በርሜል ላይ የማስችል ዳኛ። እንጀራዬ መምህርነት ነው። ክረምቱ ሲጠና ግን ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የዋልካው ጭቃ ጎማ ይውጣል፣ ሰውም ትራክተርም ባለበት ይውላል። ያኔ ሦስት ሆነን እንጫወታለን፦ እኔ፣ የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌው መካኒክ፣ እና ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወሎዬ።

ጨዋታው በአፍ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥራል። ዳኛዋ «ከፊታችሁ ገደል አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች፤ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የምትወስነው ሃያ ፊት ያላት፣ ተጥላ ቁጥር የምታወጣ ዳይስ ናት። የጨዋታውን ሕግ የያዘውን መጽሐፍ የሰጠኝ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ ተማሪ ነው። ሁለት ወር እዚህ ተቀምጦ ጨዋታውን አስተማረኝና፣ ሲሄድ «ቦርሳዬ ከበደኝ» ብሎ ተወልኝ። ወደ አማርኛ መልሼ በደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለማንም አድልቼ አላውቅም፤ በዚህ ደግሞ እንዴት እኮራ ነበር መሰላችሁ!

መካኒኩ የፈጠሩት ሰው ቀስተኛ ነው። የእሳቸውን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ የብሎን ቁጥር የሚለዩት በጣታቸው ዳብሰው ነው። ቀስተኛቸው ግን ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ያለች ጅግራ አይስትም። ዳይሷን ይጥሉና «የተከበሩ ዳኛ፣ ስንት ይላል?» ይሉኛል። ያለውን እነግራቸዋለሁ።

አምና ሐምሌ ላይ «አንድ» አለ። ከአንድ በታች ቁጥር የለም። ቀስተኛው ጦር ተሰካበት፣ በነጥብ የምትቆጠረው ነፍሱ ዜሮ ገባች። ደብተሩን ገልጬ አነበብኩ፦ ነፍሱ ዜሮ የገባ ሞተ።

«በሕግ አምላክ! የተወጋው እኮ እግሩን ነው!» አሉ።

«ጋሼ፣ ሕጉ እግርና ራስ አይለይም።»

ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን እንኳ አይመልሱልኝም ነበር። ያስታረቀችን ልብስ ሰፊዋ ናት። «ሰው ሞቶ ዝም አይባልም፣ ተዝካሩን እናውጣለት» አለች። አርባው የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ዋለ፤ ፍየል ታረደ። ሽታው የጠራው መንገደኛ ሁሉ ጎራ እያለ «ሟቹ ማን ነው?» ይላል። መካኒኩ ፊታቸውን አጥቁረው «ቀስተኛ ነበር፣ ዓይኑ የማይስት» ይላሉ። ሰዉም «ነፍስ ይማር» እያለ በላ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሁለቴ አስጨምሬ በልቻለሁ።

ዘንድሮ ተማሪው ካለበት ሆኖ የመጽሐፉን አዲስ እትም በስልክ ላከልኝ። ወይ ጉድ! ጨዋታው ያው ነው፣ ስሙ ሁሉ ግን ተገልብጧል። የልብስ ሰፊዋ ሰው በአሮጌው «ሌባ» ነበረች። «ሌባዋ፣ ተራሽ ነው!» ብዬ በጮህኩ ቁጥር ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ጨርቁን ታቅፎ ይመለስ ነበር። አዲሱ «ጮሌ» ይላታል። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ስሜ ጠራ» አለች። «ዘር ይምረጡ» የሚለውም ተሰርዟል፤ እሱን እንኳ እኛ ከፈረንጆቹ ቀድመን ሰርዘነዋል፣ ምክንያቱን የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

እኔ ጋ ሲደርስ ነው ደሜ የፈላው። «ዳኛ» የሚባል የለም፤ «ተራኪ» ሆኛለሁ። ምን ማለት ነው? ተረት ላወራ ነው ጭቃ ለጭቃ የምንቦጫረቀው?

መካኒኩ ሳቁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አንቺ እንደሁ ፍየሉን በልተሻል።»

ቀጣዩን ገጽ ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ኩራቴ እንቢ አለኝና አነበብኩት። ነፍሱ ዜሮ የገባ «ሞተ» አይባልም፣ «ወደቀ» ነው የሚባለው። የወደቀ ሦስት ጊዜ ዳይስ ይጣልለታል፤ ሁለቱ ከአሥር በላይ ከሆኑ ይነሳል።

መካኒኩ ብድግ አሉ። የዘይት ጨርቃቸውን እንደ ኩታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና «በላ ልበልሃ!» ብለው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ተዝካሩ ተበልቷል እኮ! ተዝካሩ የተበላ ሰው ሲነሳ የት ታይቷል?»

«ታዲያ ፍየሉን ከሆድሽ አውጪዋ!»

«አብሽሩ ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰውየው ከወደቀ፣ እኛ የበላነው ተዝካር አይደለም። በሽተኛ ልንጠይቅ መጥተን ምሳ ቀርቦልን ነው።»

«ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም» አልኩ። ግትር ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

መካኒኩ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «መንገዱ ሲደርቅ ልጄ ዓይኔን ልታሳክመኝ ጎንደር ልትወስደኝ ነው። ዓይኔ ቢበራም ባይበራም ከእሷ ዘንድ ነው የምቀመጠው፤ ጋራዡንም ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። አንቺ ልጅ፣ ያንን ሰው እዚህ ሞቶ ጥዬው ልሂድ?»

አንጀቴን በሉት። «ይጣል» አልኩ።

የመጀመሪያው አሥራ አራት። ልብስ ሰፊዋ እልል አለች። ሁለተኛው አራት። ሦስተኛውን መካኒኩ ሁለት እጃቸው ውስጥ ብዙ አሹት፤ ሲጥሉት በርሜሉ ላይ ነጠረና የተቃጠለ ዘይት የተጠራቀመበት ሳፋ ውስጥ ጥልቅ አለ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ታቹ አይታይም። አሮጌው እትምም አዲሱም ዘይት ውስጥ ስለገባ ዳይስ የሚሉት የላቸውም።

እጄን እስከ ክርኔ ነከርኩ። ዳበስኩ፣ አገኘኋት፣ በመዳፌ ይዤ አወጣኋት። እሷም እኔም ጥላሸት መስለናል።

«የተከበሩ ዳኛ፣ ስንት ይላል?»

እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ «ይደገም» የምል ሰው ነኝ። ድጋሚው አምስት ቢልስ? እውነቴን ነው፣ ለዚያ ለሌለ ሰው ፈራሁ።

«ዳኛ የለችም ጋሼ፣ ተሽራለች። ተራኪዋ ነኝ።»

«እሺ፣ ተራኪ። ሰውየው ምን ሆነ?»

«ተነሳ» አልኩ። «እግሩን እያነከሰ ተነሳ። ቀስቱን አነሳ፣ ማዶውን አየ።»

ልብስ ሰፊዋ አቀፈችኝ፤ ቀሚሷ በዘይት ተበላሸ። መካኒኩ ጨርቃቸውን ይዘው መጡና እንደ ልጅ እጅ እጄን ጠረጉልኝ። መዳፌ ላይ የቀረችውን ዳይስ በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጓት። ቁጥሮቿ የተቀረጹ ናቸው።

«ሦስት» አሉ በጆሮዬ። ከዚያ ጮክ ብለው «እሺ ተራኪ፣ ማዶ ምን አየ?» አሉ።

አምናም ያችን «አንድ» ዳብሰው ማንበብ ይችሉ ነበር። ቁጥሩን ትተው እኔን ነበር የጠየቁት።