በጠጠር የታሸ ኩባያ

ሮቤ ከተማ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ባልደረባዬ በእጇ ሠርታ አበባ የሳለችበትን የፖርሴሊን ኩባያ ሰጠችኝ። ልስላሴው ወዳደግኩባት ጎባ መለሰኝ።

አዳዳ የምላቸው የአባቴ እህት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ደጅ እኩዮቼ ገመድ ሲዘሉ፣ እኔ እርጥብ የሸክላ ኩባያ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በድቡልቡል ጠጠር አሻለሁ። ካቋረጥኩ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ አያብረቀርቅም።

«አዳዳ፣ አንዴ ልውጣ?»

«ቁጭ በይ!» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እኔም በአንቺ ዕድሜ እናቴን ለምኛለሁ። እጅ አንዴ ከለመደ፣ ብትወጪም አይለቅሽም።»

አላመንኳቸውም። ተምሬ ወጣሁ፤ ጭቃ ከነካሁ ዓመታት አለፉ።

«ኧረ ቀለሙን ልታስለቅቂው ነው!» ብላ ባልደረባዬ ሳቀች።

ለካ አውራ ጣቴ አበባውን ሲያሽ ቆይቷል። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጣቴ ግን አላቆመም።