የግማሽ ጣሪያ ክስ

አናጢ የሚባል ሲነሳ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሁሉም አንድ አይደሉም ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ አይደሉም። የእኔው ግን ሆሳዕና ከተማ የእናቴን ቤት የሳር ክዳን እስከ ግማሹ ገፎ፣ ቆርቆሮ አለብሳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ እብስ ያለ ሰው ነው።

ጊዜው ደርግ የእኛን የጴንጤዎቹን ቤተ ክርስቲያን ያሸገበት ነበር። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር ብቻችንን እንኖራለን። እናቴ አስም አለባት። ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲነካት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ቆርቆሮውን የገዛሁትም ለእሷ ብዬ ነው። ዝናቡ ሊገባ ምንም አልቀረውም፤ የተገፈፈው ደግሞ ልክ ከአልጋዋ በላይ ያለው! የእንሰት ቅጠል ደርድረን ሸፈንነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር እየበተነው መልሰን እንለቅማለን።

አናጢው ፎንቆ የምትባለው ከተማ ገብቷል ሲሉኝ እዚያ ድረስ ሄድኩ። የአንድ ነጋዴ ሱቅ ጣሪያ ላይ ተንጠላጥሎ አገኘሁት። «ማክሰኞ እመጣለሁ እህቴ» አለኝ፣ ምስማሩን ከአፉ እንኳ ሳያወጣ። ማክሰኞ መጣ፣ እሱ አልመጣም። ሌላ አናጢ ብጠራ «የሰው ጅምር አልነካም። ወይ እሱ ይጨርስ፣ ወይ ለቅቄያለሁ ይበል» ብሎኝ ሄደ። በአካባቢያችን የሌላውን ጅምር የነካ አናጢ በጓደኞቹ ዘንድ ከሌባ አይሻልም። ለእኛ ለባለ ቤቶቹ ያዘነልን ግን የለም።

አናጢው የጸሎት ጉባኤያችን አባል ነውና የጉባኤው ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ አቤት አልኩ። «ወንድም ወንድሙን አይከስም፣ ልጄ። ታገሺ» አሉኝ። እሺ፣ እኔስ ልታገስ፣ የእናቴ ደረት ይታገሳል ወይ? ነድጄ ወጣሁና በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰስኩት።

ቀኑ ደርሶ ሁለታችንም ሸንጎው ፊት ቆምን። ሊቀመንበሩ «ጓድ መምህርት፣ ውሉን የት ተዋዋላችሁ? ማንስ ምስክር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። የተዋዋልነው በሽማግሌው ቤት፣ በድብቅ ጸሎት ላይ ነው። ያኔ እንዲያ ነበር የምናደርገው፤ ጸሎቱ ሲያልቅ የላሙም ሽያጭ፣ የቤቱም ኪራይ፣ እጮኝነቱም ሳይቀር እዚያው በሹክሹክታ በጉባኤው ፊት ያልቃል። በጌታ ወንድም ላይ ዋስ መጥራት ነውር ነው ተብሎ እኔም ዋስ አልጠራሁም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ምስክርማ ሞልቶኛል፤ ግን አንዱን ብጠራ ሁሉንም እስር ቤት መክተቴ ነው። አናጢውን አየሁት። እሱም አውቋል! ዓይኑን በጨው ታጥቦ ኮርኒሱን ይመለከታል።

«ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ምስክር የለኝም» አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ።

«ተከሳሽስ ምን ትላለህ?»

«እኔ የእሷን ቤት ሥራ አልያዝኩም፣ ጓድ።»

ዘወር ልል ስል ቆም አልኩ። አልያዝኩም ነው ያለው? በሸንጎ ፊት? «እንግዲያው ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥራው የእሱ አይደለም ማለት ነውና ይኸው ይወሰንልኝ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ሳቃቸው መጣ። «ሥራው የእሱ አይደለም። ያሻሽን አናጢ አስገቢ» ብለው ጨረሱት። ሁለተኛው አናጢ ይህን ሲሰማ መጣና ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰልን። ዝናቡ ግን ቀድሞት ነበር። አናጢው ከላይ ምስማር ሲመታ እናቴ ከታች ጋቢ ተከናንባ እያሳለች ነበር የተሠራው።

በሚቀጥለው ጸሎት ያ የካደኝ ጉደኛ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ብሎ ብሎ «የእህታችንን ቤት የሸፈንክ ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» አለ! ሁሉም በሹክሹክታ አሜን አሉ። እኔ አላልኩም።

«ለምን ዋሸህ?» አልኩት በጆሮው።

«አንቺስ ምስክር የለኝም ብለሽ ዋሽተሽ የለም?» አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ።

እኔ እኮ የዋሸሁት እሱንም ጭምር ከእስር ላድን ብዬ ነው! ልጮህበት ብድግ አልኩ። ሽማግሌው ደንግጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ከግድግዳው ወዲያ የአብዮት ጠባቂው ሲያልፍ ኮቴው ይሰማል። ተመልሼ አጠገቡ ተንበረከክሁ።