ከመንገድ የተነሳ ድንጋይ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን፣ መንገዱ ሳይዘጋ ልለፍ ብዬ ፍሬን የሌለው ተሳቢ አስከትዬ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ወረድኩ። ሞኝነት ነበር። የተሳቢውን ክብደት ጭምር የሚይዘው የመኪናው ፍሬን ጋለና ይሸት ጀመር፤ ብረግጠውም አልይዝ አለ። ማርሽ ቀንሼ፣ መንገዱ በድንጋይ የተዘጋበት ጋ ስደርስ እንደምንም ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑ ግን ሊለቅ ምንም አልቀረውም። ከዘጉት ሰዎች መካከል አንድ ሽማግሌ ከመዝጊያው ላይ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አስነስተው ከጎማዬ ፊት አስወሸቁልኝ። ፍሬኑ እስኪበርድ ስቁነጠነጥ ቆየሁ።

«ኦቦ፣ ልለፍ?» አልኳቸው።

«ባነሳነው በኩል እለፍ። ድንጋዮቹን ግን ቦታቸው መልስ።»

አልፌ ሜዳው ላይ አቆምኩና እየተነጫነጭኩ ተሸክሜ መለስኳቸው። እንዳይዘጋብኝ የሮጥኩለትን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት።